ከጓዳችን የሚወጣው መርዝ

(የወተት ላም ለሚያረቡና ውሻ ድመት ለሚያሳድጉ ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ጽሑፉን ላክልን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ እንደተናገርኩት አስቀመጥኩት፣ መጨረሻ ላይ ከተጠየቁት ጥያቄዎችም የተወሰኑትን ጨምሬያለሁ።)

እሺ እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ኑ ቁጭ በሉ፣ ወሬው ረዘም ይላል።

ስለ መርዝ ነው የምናወራው። እባብና ጊንጥ የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ እነሱን ሌላ ቀን። እኔ ጋ ተመርዞ ከሚመጣው እንስሳ አብዛኛው የተመረዘው በገዛ ባለቤቱ እጅ ነው፣ ያውም በሚወደው ሰው፣ ከመድኃኒት መሳቢያው፣ ከወጥ ድስቱ፣ ከቡሃቃው፣ ካልሆነም ለመዥገር ብሎ ከገዛት ጠርሙስ። ሆን ብሎ የሚመርዝም አለ፣ እሱንም አነሳዋለሁ፣ ግን ዛሬ ያስቸገረኝ የደጉ ሰው ነገር ነው።

በዝሆን ልጀምር። በፈረንጆቹ ነሐሴ 1962 (ዛሬ የምጠራላችሁ ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ሲቲ፣ እዛ ባለ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ቱስኮ የሚባል ወንድ ዝሆን ነበረ። ወንድ ዝሆን አልፎ አልፎ የሚነሳበት እብደት ቢጤ አለ፣ እና ተመራማሪዎቹ ይሄን እብደት በኤልኤስዲ፣ ቅዠት በሚያመጣው ዕፅ፣ ማምጣት ይቻል እንደሆነ ለማየት 297 ሚሊግራም ወጉት። ሰውን ለማስከር እኮ የአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ አካባቢ ይበቃል! መጠኑን ያሰሉት ሌላ እንስሳ፣ ድመት ጭምር፣ በኪሎ ስንት ይችላል የሚለውን ይዘው በዝሆኑ ክብደት አባዝተው ነው። ቱስኮ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ወደቀ፣ ማረጋጊያ መድኃኒት ቢሰጡትም ከመርፌው በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይደርስ ሞተ። የገደለው ኤልኤስዲው ነው ወይስ ማረጋጊያው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ለኛ የሚጠቅመን ግን ስሌቱ ነው፣ ምክንያቱም እኛም በየቤታችን የምንሰራው ያንኑ ስሌት ነው፣ «ለሰው አንድ ፍሬ ከሆነ ለድመት ሩብ» እያልን። ሰውነት ግን በኪሎ ብቻ አይለይም። ጉበቱ ይለያል፣ ጨጓራው ይለያል፣ ዘሩ ይለያል።

አንዲት እናት ድመታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ድመቷ ስታስነጥስ ስላደረች አዝነውላት የፓራሲታሞል ፍሬ ለሁለት ገምሰው ግማሹን በወተት በጥብጠው ግተዋታል። «ልጄ፣ ለልጅ ልጆቼም የምሰጠው እኮ ነው» አሉኝ። ከንፈሯን ገለጥ ሳደርገው ድዷ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ጭቃ መስሏል፣ ፊቷ አብጧል፣ መዳፎቿም እንደዛው፣ አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው። ደም ቀድቼ ጠብታውን ነጭ ጨርቅ ላይ አደረግኩና ለሳቸውም አሳየኋቸው፣ ቀይ ደም አልነበረም፣ ወደ ቡናማ ሄዷል።

ምን ሆኖ መሰላችሁ፣ የኛ ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያስወግደው በአብዛኛው ከአንድ ስኳር መሰል ነገር ጋር እያጣበቀ ወደ ሽንት በመላክ ነው። ድመት ግን ይሄን የሚሰራው ዘረመል ተበላሽቶባታል፣ ከድሮ ጀምሮ ሥጋ ብቻ ስትበላ ስለኖረች ቅጠልና ሥር ውስጥ ያለውን መርዝ ማጣራት አላስፈለጋትም ነው የሚባለው። ስለዚህ መድኃኒቱ በሌላ መንገድ ይሄድና ወደ መርዝ ይቀየራል፣ መርዙም ቀይ የደም ሴሏን ይመታዋል፣ ደሟ እያለ ኦክስጅን መሸከም ያቆማል። አራት ኪሎ ለምትመዝን ድመት የ500 ሚሊግራሟ ግማሽ ፍሬ ማለት በኪሎ ከ60 ሚሊግራም በላይ ነው፣ በኪሎ 10 ሚሊግራም እንኳ ጎድቷት የታየበት ጊዜ አለ። ማርከሻ አለው፣ አሴቲልሲስቲን ይባላል፣ ፓራሲታሞል አብዝቶ ለዋጠ ሰውም የሚሰጠው እሱው ነው፣ ግን በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለባችሁ። እማማ ቶሎ ስለመጡ ድመቷ ተርፋለች። ለድመት «ይሄን ያህል ቢሆን ደህና ነው» የሚባል የፓራሲታሞል መጠን የለም፣ በቃ፣ ሩብም ሩብ ሩብም የለም።

ውሻ ፓራሲታሞልን ከድመት የተሻለ ይችላል፣ የሱ ጣጣ አይቡፕሮፌን ነው። 400 የምትባለዋን ፍሬ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ከሰጣችሁት በኪሎ 40 ሚሊግራም ደረሰ፣ 25 አካባቢ ሲደርስ ጨጓራው መቁሰል ይጀምራል፣ ከፍ ካለ ኩላሊቱ ይሄዳል። ውሻው ከማንከስ ይድናል ብላችሁ ስትጠብቁ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ ታያላችሁ፣ ደም ነው እሱ፣ ሆዱ ውስጥ የደማ። ዲክሎፌናክም ያው ነው።

ደግሞ የእንስሳ መድኃኒት ስለሆነ ብቻ ለሁሉም እንስሳ ይሆናል ማለት አይደለም፣ ይሄ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል። አይቨርሜክቲንን፣ የትልና የእከክ መድኃኒቱን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ያገኙት ሰዎች በ2015 ኖቤል የተሸለሙበት ነው፣ ደቡብ ምዕራብ አካባቢ ዓይን ለሚያሳውረው ለኦንኮ በሽታ ለሰውም ይታደላል። ድንቅ መድኃኒት ነው። የከብቱ መርፌ አንድ ፐርሰንት ይላል፣ ማለትም በ1 ሚሊሊትር ውስጥ 10 ሚሊግራም አለ፣ 1 ሚሊሊትር የሚበቃው ለ50 ኪሎ ከብት ነው። አሁን ሦስት ኪሎ የምትመዝን ቡችላ እከክ ይዟታል ተብሎ ጎረቤት መጥቶ በሲሪንጅ «ትንሽ» ቀድቶ ይወጋታል፣ ትንሽ ማለት አንድ ሚሊሊትር። ያ ለከብት በኪሎ ከሚሰጠው ከ16 እጥፍ በላይ ነው። ማታውን ትንገዳገዳለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ብሌኗ ፈጦ ግድግዳ ትገጫለች፣ ከዛ ለቀናት ትተኛለች። የራሱ ማርከሻ የለውም፣ ግሉኮስ እየሰጡ፣ እያገላበጡ፣ እያሞቁ መጠበቅ ነው። ኮሊ የሚባሉት ውሾችና አንዳንድ የጀርመን ሼፐርዶች ደግሞ መድኃኒት ወደ አንጎል እንዳይገባ በር የሚጠብቀው ፕሮቲን በዘር የተበላሸባቸው ስላሉ እነሱን የከብቱ ልክ ራሱ ይጥላቸዋል። ሼፐርድ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ... ይኸው፣ ግማሽ አዳራሽ።

ይሄ ሁሉ መድኃኒቱን የወሰደው እንስሳ ነው። ከሞተ በኋላስ? ህንድ ውስጥ የሆነውን ስሙ። እዛ ላም አትታረድም፣ ስትሞት ሜዳ ላይ ትጣላለች፣ ጥንብ አንሳ ያነሳታል፣ ለዘመናት እንደዛ ነው የኖሩት። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥንብ አንሳው ማለቅ ጀመረ፣ ነጭ ጀርባ የሚባለው ዓይነት ከ99 በመቶ በላይ ጠፋ። መጀመሪያ ቫይረስ ነው ተባለ። ሬሳቸው ሲከፈት ግን ጉበታቸውና ልባቸው ላይ ኖራ የተረጨ ይመስል ነጭ ዱቄት አለ፣ ኩላሊታቸው ስለቆመ የተከማቸ ዩሪክ አሲድ ነው። በ2004 ምክንያቱ ዲክሎፌናክ መሆኑ ታወቀ፣ ላሟ ሳትሞት በፊት ለህመም ማስታገሻ የተወጋችው። ከመቶ ሬሳ መድኃኒት ያለበት አንድ እንኳ ባይሞላ ያንን ሁሉ ወፍ ሊጨርስ ይበቃል፣ ምክንያቱም አንድ ሬሳ ላይ ስንት ጥንብ አንሳ ነው የሚሰፍረው። ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 ለእንስሳ እንዳይሸጥ ከለከሉ፣ በምትኩ ሜሎክሲካም የሚባለው ለወፎቹ ደህና ሆኖ ተገኘ። ጥንብ አንሳው ሲያልቅ ሬሳውን የወረሰው ውሻ ነው፣ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ እንደሚከተል እዚህ አዳራሽ ላለ ሰው አልነግርም።

እና ቄራ አካባቢ ሰማዩ ላይ የሚዞሩትን እያያችሁ ይሄ ለኛ ምን አገባው እንዳትሉ፣ ዲክሎ መርፌ በየፋርማሲው አለ። መድኃኒት የተወጋ ከብት ከሞተባችሁ ቅበሩት፣ ጠለቅ አድርጋችሁ። በየከተማው የመንገድ ውሻ ለማጥፋት ሥጋ ውስጥ የሚደረገው ስትሪክኒንም ያው ነው፣ እሱ ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ መርዝ ነው፣ የበላው ውሻ ድምፅ ሲሰማ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ አእምሮው ሳይደነዝዝ ነው የሚሞተው። በኔ እምነት ይሄ ነውር ነው፣ ባለቤት ያለውንም የሌለውንም ይገድላል፣ ሬሳውን የበላውንም ይከተላል። ውሻችሁ እንደዛ ሲሆን ካገኛችሁት ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አድርጉት፣ አትነካኩት፣ ሐኪም ጥሩ፣ የሚጥል መንቀጥቀጡን ማስቆም ከተቻለ የሚተርፍ አለ።

ወደ ማድ ቤት እንግባ። የኛ አገር ውሻ የሚኖረው በፍርፋሪ ነው፣ በወጥ የራሰ እንጀራ። ለአንድ ዶሮ ከኪሎ በላይ ሽንኩርት ነው የሚቁላላው አይደል? ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈነዳል፣ ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። ውሻ በኪሎው ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ ይጎዳል፣ ድመት 5 ግራም ይበቃታል። ክፋቱ ደግሞ ወዲያው አይታይም። ለፋሲካ እሁድ ድስቱ ተጠርጎ ይሰጠዋል፣ ሰኞ ደህና ነው፣ ማክሰኞ ደህና ነው፣ ረቡዕ ሐሙስ ላይ ይደክመዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይቀላል። ያኔ ዶሮ ወጡን ማን ያስታውሰዋል፣ «ምን እንደነካው አናውቅም» ነው የሚባለው። ሽንኩርት የምታመርቱ፣ መቂ ባቱ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የተበላሸውን ሽንኩርት ለላም አትድፉላት፣ ከሚያመሰኩት እንስሳት በሽንኩርት በይበልጥ የምትጎዳው ላም ናት፣ በግና ፍየል ይሻላሉ።

ሊጥ ሌላው ነው። በግ ቡሃቃ ከፍቶ ወይ ጆንያ ቀዶ እህል ጠግቦ ካደረ ሆዱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነገሮች ስታርቹን በአንድ ጊዜ ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ሲገፉት ውስጡ ውሃ እንደሞላ ይንቦጫቦጫል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ይተኛል። የበዓል ዋዜማ በግ ገዝቶ ማድ ቤት አጠገብ ማሰር የዚህ ዋና ምክንያት ነው። ውሻ ደግሞ እርሾ ያለው የዳቦ ሊጥ ከዋጠ የጨጓራው ሙቀት ለእርሾው ይመቸዋል፣ መቡካቱን አያቆምም፣ በአንድ በኩል ሆዱ ይወጠራል በሌላ በኩል አልኮሉ ወደ ደሙ ይገባል፣ ጠጅ ቤት ሳይደርስ ሰክሮ ቁጭ! ሳቁ፣ ግን ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ትንሽ ውሻ ከሆነ ይሞታል። ለጨዋታ ብለው ለውሻ ቢራና አረቄ የሚያጠጡ ልጆችም ይሄን ይስሙ።

አልኮል ካነሳን አተላ አይቀርም። አርሲ ነገሌ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ አረቄ የሚያወጡት ሴቶች በአተላው በሬ ያደልባሉ፣ እውነትም ያደልባል፣ እኔ አተላ አትስጡ አልልም። የላም ሆድ ትንሽ ትንሽ እየለመደ ከሄደ አልኮሉን ወደ ጉልበት ይቀይረዋል። ችግሩ ከገበያ ትናንት የመጣ በሬ ባዶ ሆዱን ሙሉ ገንዳ ሲቀርብለት ነው፣ ወይ ሆዱ ገና ያልበሰለ ጥጃ ሲደርስበት፣ ወይ ሻጋታ የያዘ ሲሆን። አቀዝቅዙት፣ ከጭድ ጋር ስጡት፣ በየቀኑ እያሳደጋችሁ ሂዱ። በነገራችን ላይ የአፍሪካ ዝሆን ማሩላ የሚባል ፍሬ በልቶ ይሰክራል የሚለውን ቪድዮ አይታችኋል? በ2006 የወጣ ጥናት ፍሬው ዝሆን የሚያህልን ለማስከር አይበቃም ብሎ ነበር፣ በ2020 ደግሞ ሌሎች ተነስተው የለም፣ ዝሆን አልኮል የሚያፈርሰው አንዱ ዘረመል ስለተበላሸበት የሰውን ስሌት ለሱ መጠቀም ልክ አልነበረም አሉ። ያው የቱስኮ ጉዳይ፣ ኪሎ ማባዛት።

ሜዳው ላይ ደግሞ ማሽላ አለ። ይሄን ሐረርጌና ወሎ ያደገ ሰው ከኔ የተሻለ ያውቃል። ለጋ ማሽላ፣ በተለይ ድርቅ መትቶት ጠውልጎ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቆጠው፣ ውስጡ ሳያናይድ የሚያወጣ ነገር አለው። ላም ስታኝከው ይለቀቃል፣ ሆዷ ውስጥ ያሉት ጥቃቅኖች ደግሞ ያፋጥኑታል፣ ለዛ ነው አህያ በልታ የምትተርፈውን ላም የማትተርፈው። ከብቱ ማሳ ውስጥ ገብቶ እረኛው እስኪያወጣው ባለው ጊዜ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፣ ያለከልካል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ደሙ በጣም ደማቅ ቀይ ነው፣ ኦክስጅን ደሙ ውስጥ አለ ሴሉ ግን ሊጠቀምበት አልቻለም። ሰው ዓይን ነው ይላል፣ ቡዳ በላው ይላል። ሐኪም ቅርብ ካለ ቲዮሰልፌት የሚባል መርፌ አለ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደረስም። ስለዚህ ከጭን በታች ያለ ማሽላ ላይ ከብት አትልቀቁ፣ የሸለሸላችሁትንም እርጥቡን ሳይሆን በደንብ አድርቃችሁ ስጡ፣ ሲደርቅ መርዙ ይቀንሳል።

ጓያ የሰውን እግር ሽባ እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፣ በ1976 እና 77 በፈረንጆቹ ደንቢያና ፎገራ ላይ የደረሰው የታወቀ ነው፣ ከእንስሳ ደግሞ ፈረስን ነው በይበልጥ የሚጎዳው፣ ሲሮጥ ጉሮሮው ያጓራል፣ የኋላ እግሩ ይከዳዋል። የወፍ ቆሎ የምትሉት ያጥር አበባም ጉበት ይመታል፣ የበላች ላም ነጭ ነጩ ቆዳዋ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ እየተቃጠለ ይላጣል። ጋሪ ፈረስ ያላችሁ፣ የዶሮ መኖ ርካሽ ተገኘ ብላችሁ ለፈረስ እንዳትሰጡ፣ ለዶሮ ተብሎ አንዳንዱ ላይ የሚጨመረው ሞኔንሲን ለፈረስ በኪሎ ሁለት ሦስት ሚሊግራም ሲደርስ ልቡን ይገድለዋል፣ ዶሮ ግን 200 አካባቢ ትችላለች።

የመዥገር መድኃኒት ላይ ላብቃ። ዲያዚኖን ሲበዛ፣ ወይ ቁስል ላይ ሲፈስ፣ ወይ ከብቱ ሲልሰው፣ ለሃጭ፣ እንባ፣ ሽንት፣ ተቅማጥ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፣ ብሌኑ መርፌ የወጋው ያህል ይጠባል። ዓይን ማየት ልመዱ፣ አይቨርሜክቲን ብሌን ያፈጣል፣ ዲያዚኖን ያጠባል፣ ይቺን ብቻ በስልክ ብትነግሩኝ ግማሹን መንገድ ሄድን። ማርከሻ አለው፣ አትሮፒን ይባላል። ጓንት አድርጋችሁ በሳሙና እጠቡት፣ ራሳችሁንም እንዳይነካችሁ። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጥ ፐርሜትሪን ያለበትን ድመት ላይ አታድርጉ፣ ይገድላታል።

ከጥያቄዎቹ

አንድ አባት «ወተት መርዝ ያረክሳል ሲባል እንሰማለን፣ ልንግተው?» አሉ። ጋሼ፣ አያረክስም። የሚንቀጠቀጥ ወይ የፈዘዘ እንስሳ ስትግቱት ወደ ሳንባው ነው የሚገባው፣ ከመርዙ ቢተርፍ በሳንባ ምች ይሞታል። ጨው በጥብጦ ማስመለስም ተዉ፣ ጨው ራሱ ውሻን ይመርዛል። የምድጃ ከሰል ፈጭታችሁ አትስጡ፣ ለዚህ የሚሆነው ሌላ ነው፣ ሐኪሙ ጋ አለ። ዘይት ግን ላሟ ለምለም ሳር በልታ አረፋ ከነፋት ይጠቅማል፣ እሱ ላይ አያቶቻችን ልክ ናቸው። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ፓኬቱን፣ ቅጠሉን፣ ጠርሙሱን፣ ያስመለሰውንም ቢሆን በፌስታል ይዛችሁ መምጣት፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደበላና ምን ያህል እንደሆነ መናገር። ደግሞ አትደብቁኝ። «ምንም አልሰጠነውም» ተብዬ ሁለት ሰዓት የባከነባቸው አሉ።

አንዲት ልጅ «ፍየሎቻችን ገራባ (የጫት ትራፊ) ይበላሉ፣ ይመረቅናሉ ወይ?» ብላ አሳቀችን። ሐረርና ድሬዳዋ ፍየል ገራባ ሲበላ የኖረ ነው፣ የሚያነቃቃው ነገር ቅጠሉ በቆየና በደረቀ ቁጥር ይቀንሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ጫቱ ላይ የተረጨው ኬሚካል ነው፣ ፍየሏ አታጥበውም። የካልዲን ፍየሎች ደግሞ ለአፈ ታሪክ እንተዋቸው፣ ውሻ ግን የቡና ዱቄትና ጥቁር ቸኮሌት አይስማማውም፣ ቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚን ከውሻ ደም ግማሹ እስኪወጣ 17 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፣ ልቡ ሲደልቅ ያድራል።

የመጨረሻው የወተት አርቢ ጥያቄ ነበር፣ «ላሟ መድኃኒት ከተወጋች ወተቱን እስከ መቼ ልድፋ?» እንደ መድኃኒቱ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ለወተት ስንት ቀን፣ ለሥጋ ስንት ቀን የሚል ተጽፏል፣ የአይቨርሜክቲን መርፌን ለምትታለብ ላም ባትሰጡ ነው የሚሻለው፣ ከስቡ ወደ ወተቱ ስለሚወጣ። የተደፋውን ወተት ለጥጃና ለውሻ እንዳትሰጡት፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ካልገባችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ አነባላችኋለሁ።